ምዕራፍ ሰባት፦ እሳቱ መቼ ይለኮስ?

በምዕራፍ ሦስት የሞተሩን አራት ምቶች ስንከታተል፣ ፒስተኑ የነዳጅና የአየሩን ድብልቅ ጨምቆ ጫፍ ሲደርስ ካንዴላው ብልጭታ ይሰጣል፣ ድብልቁ ይቀጣጠላል፣ ፒስተኑም ወደ ታች ይገፋል ብለን ነበር። ለዚያ ምዕራፍ ይህን ያህል ማወቅ ይበቃ ነበር። አሁን የምናየው ሰው ግን በጋራዡ ውስጥ አውሮፕላን ሠርቶ የጨረሰ፣ ከሞተሩ ጀርባ ያለውን አሮጌ ማቀጣጠያ ፈትቶ በኤሌክትሮኒክ ሊተካ የተነሳ ሰው ነው። እሱ የሚሠራውን ለመረዳት «ጫፍ ሲደርስ» ያልነውን ጠጋ ብለን ማየት አለብን። ብልጭታው የሚመጣው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ በፊት ነው። ምን ያህል ቀድሞ ይምጣ የሚለው ጥያቄ የዚህን ምዕራፍ ግማሽ ይወስዳል፤ ብልጭታውን የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ከየት ይምጣ የሚለው ደግሞ ቀሪውን። የመሣሪያው ሻጮች አብዝተው የሚያወሩት ስለ መጀመሪያው ነው። የእኔ ክርክር ግን የመግጠሙን ሥራ የሚወስነው፣ የአብራሪውንም ሕይወት የሚነካው ሁለተኛው ነው የሚል ነው።

ከብልጭታ እስከ ግፊት

ለምሳሌ የምንይዘው ሞተር ላይካሚንግ ኦ-360 ነው። በአሜሪካ ግለሰቦች በእጃቸው በሚገጣጥሟቸው አውሮፕላኖች ላይ፣ በተለይም ቫንስ የተባለው ኩባንያ ክፍሎቻቸውን እያዘጋጀ በሚሸጣቸው የአርቪ አውሮፕላኖች ላይ፣ እሱና አነስ የሚለው ኦ-320 በብዛት ይገኛሉ። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተኝተዋል፤ የሚቀዘቅዙት በአየር ነው፤ የሞተሩ ይዘት 5.9 ሊትር ሲሆን በደቂቃ 2,700 ዙር እየዞረ 180 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። የእያንዳንዱ ሲሊንደር የውስጥ ስፋት 130 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከተራ የቤት መኪና ሲሊንደር በብዙ ይሰፋል። ስለዚህ ከካንዴላው የተነሳው ነበልባል ወዲያኛው ጥግ እስኪደርስ የሚሄደው መንገድ ረጅም ነው። በእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ የሚገጠመውም አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተካው ብቻ አይደለም። ነበልባሉ ከሁለት ወገን ተነስቶ መሐል ላይ ሲገናኝ ቃጠሎው ቶሎ ያልቃል።

ቶሎ ሲባል ምን ያህል ነው? በደቂቃ 2,700 ዙር ማለት በሰከንድ 45 ዙር ነው። በዚህ ፍጥነት የሞተሩ ዋና ዘንግ 25 ዲግሪ ለመዞር የሚፈጀው የሰከንድ አንድ ሺኛ ተኩል ገደማ ነው። ፋብሪካው በብዙዎቹ የዚህ ሞተር ዓይነቶች ላይ ብልጭታው እንዲመጣ ያዘዘውም ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ 25 ዲግሪ ሲቀረው ነው። ድብልቁ ተያይዞ ግፊቱ ከፍተኛው ልክ ላይ የሚደርሰው ፒስተኑ ጫፉን አልፎ 15 ዲግሪ ያህል ሲወርድ እንዲሆን ይፈለጋል፤ ግፊቱ ዘንጉን ለማዞር ከሁሉ የሚመቸው እዚያ ላይ ነውና። እሳቱ ከዚያ ቀድሞ ከበሰለ ገና ወደ ላይ የሚወጣውን ፒስተን ይገፋል፤ ሲሊንደሩ ይግላል፤ ሲብስም ገና ያልተቃጠለው ድብልቅ በአንዴ ፈንድቶ ሞተሩን ያንኳኳል። ከዘገየ ደግሞ ፒስተኑ ሸሽቶት ግፊቱ በጭስ ማውጫው ይወጣል።

እንጀራ የሚጋግር ሰው የሚያውቀው ነገር ነው። እሳቱን የሚለኩሰው ሊጡን ሊያፈስ ሲል ሳይሆን ቀደም ብሎ፣ ሊጡ ሲፈስ ምጣዱ ልኩን ግሎ እንዲገኝ አድርጎ ነው። ምን ያህል ቀደም ብሎ የሚለው ግን በእንጨቱ ይለያያል፤ ደረቅ ከሆነ ጥቂት፣ እርጥብ ከሆነ ብዙ። በሲሊንደሩ ውስጥም «እንጨቱ» ከሰዓት ሰዓት ይለያያል። አውሮፕላኑ ባሕር ጠለል አጠገብ በሙሉ ጉልበት ሲነሳ ሲሊንደሩ ውስጥ የተጠቀጠቀው ድብልቅ ወፍራም ነው፤ ፈጥኖ ይያያዛል። ወደ ላይ ሲወጣ አየሩ ይሳሳል፤ ባለፈው ምዕራፍ እንዳየነው አብራሪው ነዳጁንም ይቀንሳል፤ የሳሳ ድብልቅ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚነደው። ያኔ ብልጭታው በ25 ዲግሪ መምጣቱ መዘግየት ይሆናል። ከ30 ዲግሪ በላይ ቀድሞ ቢመጣ ያው ነዳጅ የበለጠ ሥራ ይሠራል።

አንድ ሰዓት ብቻ የሚያውቅ መሣሪያ

ማግኔቶ የተባለው አሮጌው ማቀጣጠያ እርጥቡንም ደረቁንም እንጨት በአንድ ሰዓት የሚለኩስ ጋጋሪ ነው። አሠራሩ ግን የሚደነቅ ነው። ሞተሩ ራሱ የሚያሽከረክረው ማግኔት አለው፤ ማግኔቱ በተጠቀለለ ሽቦ አጠገብ ሲዞር ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ የሚጋጠሙና የሚላቀቁ ሁለት ትንንሽ የብረት ጫፎች በትክክለኛው ቅጽበት ሲላቀቁ ኃይሉ ወደ ከፍተኛ ቮልት ይዘላል፤ ዲስትሪቡተሩም ተራ ወደ ደረሰው ካንዴላ ይልከዋል። ባትሪ አይፈልግም፤ ዲናሞም አይፈልግም። ፕሮፔለሩ እስከዞረ ድረስ ብልጭታ አለ። የራይት ወንድማማቾች በ1903 ባበረሩት አውሮፕላን ላይም ማግኔቶ ነበር። መኪናው ከማግኔቶ የተላቀቀው ባትሪ መያዝ የማይቀርለት ሲሆን ነው፤ በ1912 ካዲላክ የኤሌክትሪክ ሞተሪኖና በባትሪ የሚሠራ ማቀጣጠያ አብሮ ይዞ ወጣ። ትንንሽ አውሮፕላኖች ግን ማግኔቶን አጥብቀው ይዘው ቀሩ፤ ለዚያውም በአንድ ሞተር ሁለት ሁለት።

ይህ ጋጋሪ ከሰዓቱ ዝንፍ የሚለው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሞተሩ ሲነሳ ነው። ሞተሪኖው ሞተሩን በደቂቃ 120 ዙር ያህል ሲያዞረው 25 ዲግሪው የሰከንድ 35 ሺኛ ይፈጃል፤ እሳቱ በስሎ ፒስተኑን ወደ ኋላ ለመምታት ሰፊ ጊዜ ያገኛል ማለት ነው። ስለዚህ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ማግኔቶ ላይ ባለሞላ ማቆያ ይገጠማል። ማግኔቱን ለቅጽበት ይዞ ያዘገየውና ድንገት ይለቀዋል። በእጅ ሲዞር የሚሰማው «ጠቅ» የሚል ድምፅ የእሱ ነው።

ኤሌክትሮኒኩ የሚያመጣው አዲስ ነገር እዚህ ላይ ነው። አንድ ዳሳሽ ዘንጉ የት እንደደረሰና በምን ፍጥነት እንደሚዞር ያነባል፤ ከሞተሩ የአየር መግቢያ የሚመጣ ቀጭን ቱቦ ደግሞ ሲሊንደሮቹ የሚስቡትን አየር ግፊት ይነግረዋል። ትንሿ ሳጥን ከሁለቱ ተነስታ ብልጭታው መቼ እንደሚመጣ ለእያንዳንዱ ዙር ትወስናለች። ሲነሳ ታዘገየዋለች፤ ከፍታ ላይ ታስቀድመዋለች። ቱቦው ቢወልቅ እንኳ ሳጥኗ የምታነበው የውጭውን አየር ግፊት ስለሆነ ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ላይ ያለ መስሏት ብልጭታውን ወደ ኋላ ትመልሳለች፤ ስህተቱ ወደ ደህናው ወገን ያጋደለ ነው። ብልጭታውም ጠንከር ይላል። በተለመደው የአውሮፕላን ካንዴላ ጫፍ ላይ ያለው ክፍተት ከ0.4 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ኤሌክትሮኒኩ 0.8 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ይዘላል፤ ብዙዎቹም መሸጋገሪያ ቀለበት እየተደረገላቸው ርካሹን የመኪና ካንዴላ ይቀበላሉ።

ጥቅሙን ግን ከቦታው ውጭ ማግነን አይገባም። በዝቅተኛ ቦታ በሙሉ ጉልበት ለሚበር ሞተር 25 ዲግሪው ልኩ ነው፤ ሳጥኗም ብትሆን ከዚያ ብዙ አታስቀድምም። ጥቅሙ የሚመጣው ከከፍታ ጋር ነው። የቤት ሠራሽ አውሮፕላን ወዳጆች በየዓመቱ በሐምሌ የሚሰበሰቡባት ኦሽኮሽ፣ ዊስኮንሲን፣ ከባሕር ጠለል በላይ 250 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቦሌ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ። በቦሌ ማኮብኮቢያ ላይ የቆመ፣ አየር የሚያጭቅ መሣሪያ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ግፊት ገና ሳይነሳ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህሉ ነው። የኦሽኮሹ አውሮፕላን ለዚያ አየር ሁለት ሺህ ሜትር መውጣት አለበት። የእኛ ደጋ ለዚህ መሣሪያ የተፈጠረ ቢመስል አይገርምም።

ሽቦው ሲበጠስ

እስካሁን ያየነው ኤሌክትሮኒኩ የሚረታበትን ነው። አሁን የሚሸነፍበት ሌላ ወገን አለ፤ እሱም የሚታየው ሁለቱ መሣሪያዎች እንዴት እንደሚጠፉ ሲመረመር ነው። ማግኔቶ ራሱን የቻለ ስለሆነ አይዘጋም፤ ጸጥ የሚለው ኃይሉ ወደ ሞተሩ አካል እንዲፈስ ሲደረግ ብቻ ነው። ከአብራሪው ማብሪያ ወደ ማግኔቶው የሚሄድ አንድ ሽቦ አለ፤ ማብሪያው ሲጠፋ ያ ሽቦ ከአውሮፕላኑ አካል ጋር ይገናኝና ብልጭታው ይሞታል። ይህ ሽቦ ቢበጠስስ? ማብሪያው ጠፍቷል፤ ማግኔቶው ግን ሕያው ነው። ያን ጊዜ የቆመውን ፕሮፔለር በእጁ የነካ ሰው ሞተሩ ድንገት ሊነሳበት ይችላል፤ መካኒኮች የቆመ ፕሮፔለርን እንደ በራ ሞተር የሚፈሩት ለዚህ ነው። አየር ላይ ግን ያው ብልሽት ምንም አያደርግም። ሽቦው ተበጠሰ፤ ሞተሩ ይዞራል፤ አብራሪው አላወቀም።

ኤሌክትሮኒኩ ተቃራኒው ነው። የሚኖረው ከባትሪው በሚመጣ ሽቦ ነው፤ ሽቦው ከተበጠሰ ይሞታል። መሬት ላይ ይህ መልካም ነው። አየር ላይ ግን ከማግኔቶው በተቃራኒ የሽቦ ብልሽት ወደ ዝምታ ያጋድላል። ስለዚህ ኤሌክትሮኒኩን የሚገጥም ሰው አንድ ዕቃ በሌላ ብቻ የተካ ሊመስለው አይገባም፤ ሞተሩን እስከ ዛሬ ምንም ካልጠየቀው ከባትሪው፣ ከዲናሞው፣ ከፊውዙ፣ ከእያንዳንዱ የሽቦ ጫፍ ጋር አገናኝቶታል። ሞተሩ ከዚህ በኋላ ከሁሉም የደከመውን ያህል ነው የሚጠነክረው።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ አንድ ሁኔታ ያሳያል። በበረራ ላይ ከመሣሪያ ሰሌዳው ጀርባ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ እንበል። አብራሪ የተማረው የመጀመሪያው እርምጃ ዋናውን የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፋት ነው፤ ማግኔቶ ባለው አውሮፕላን ሬዲዮው ይጠፋል እንጂ ሞተሩ አይሰማውም። ኤሌክትሮኒኩ ከዋናው ማብሪያ በኋላ ካለው መስመር ኃይል እንዲወስድ የገጠመ ሰው ግን ያንኑ ማብሪያ ሲያጠፋ ሞተሩንም ያጠፋል። የመሣሪያው አምራቾች ኃይሉ ከባትሪው በቀጥታ፣ በራሱ ፊውዝና በራሱ ማብሪያ እንዲመጣ የሚያዙት ለዚህ ነው። ሥራው ሁለት ሜትር ሽቦ ቢጠይቅ ነው። ነገር ግን ከብልጭታው ጥንካሬ፣ ከዲግሪውም ሁሉ ይልቅ ለአብራሪው የሚበጀው ይህ የሽቦ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ። መኪና ከ1970ዎቹ ጀምሮ በኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ይሄዳል፣ ማንም ስለ ማግኔቶ አያስብም፣ ታዲያ ይህ ሁሉ ፍርሃት ምንድን ነው? ተቃውሞው ስለ ዕቃው አስተማማኝነት እውነት ነው። ማግኔቶም ቢሆን የማያረጅ ጓደኛ አይደለም፤ የብረት ጫፎቹ ይበላሉ፣ ሰዓቱ ይዛነፋል፣ በየ500 ሰዓቱ ተፈትቶ መታየት አለበት። ልዩነቱ ግን የዕቃው ሳይሆን የቦታው ነው። ባትሪው የሞተበት መኪና ዳር ይይዛል። በጫካ ላይ ያለ አውሮፕላን የሚይዘው ዳር የለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ብርቱ ነው፦ ኃይሉን ራሱ የሚያመነጭ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ካለ ክርክሩ ይወድቃል የሚል። በእርግጥ አለ። ፒ-ማግ የተባለው መሣሪያ በማግኔቶው ቦታ ይገባል፤ ለመነሳት ባትሪ ይፈልጋል፤ ሞተሩ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ሲዞር ግን በውስጡ ባለው ትንሽ ጄኔሬተር ራሱን ይቀልባል። ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚያዘወትሩት ሮታክስ 912 ሞተርም ከፋብሪካው የሚወጣው ሁለት የኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ይዞ ነው፤ ሁለቱም ኃይል የሚያገኙት ሞተሩ ላይ ካሉ የራሳቸው ጥቅል ሽቦዎች ነው፤ ባትሪው ቢሞት ሞተሩ አይቆምም። ልብ በሉ፦ የሮታክሱ ማቀጣጠያ ሞተሩ ሲነሳ ከማዘግየቱ በቀር ሰዓቱን ከከፍታ ጋር አይቀያይርም፤ በ26 ዲግሪ ላይ የቆመ ነው። መሐንዲሶቹ ኤሌክትሮኒክስ ሲያስገቡ ተለዋዋጩን ሰዓት ትተው የኃይሉን ምንጭ ነጻነት አጥብቀው ያዙ። ክርክሬን የሚያፈርስ ሳይሆን የሚያጸና ማስረጃ ነው።

ጫፉን ማግኘት

ሳጥኗ ስንት ዲግሪ እንደምታስቀድም የምታውቀው ዜሮው የት እንደሆነ ከተነገራት ብቻ ነው። ዜሮውን የሚነግራት ገጣጣሚው ነው። ከሥራው ሁሉ ትዕግሥት የሚጠይቀው እዚህ ላይ ነው። አሮጌዎቹ ማግኔቶዎች መጥፋታቸው ከተረጋገጠና የካንዴላ ሽቦዎቹ ከተነቀሉ በኋላ የላይኞቹ ካንዴላዎች ይፈታሉ። አንድ ሰው አውራ ጣቱን በአንደኛው ሲሊንደር የካንዴላ ቀዳዳ ላይ ይጫናል፤ ፕሮፔለሩም ሞተሩ ወደሚዞርበት አቅጣጫ ቀስ ተብሎ ይዞራል። ፒስተኑ በአንድ ዑደት ሁለት ጊዜ ጫፍ ይደርሳል፤ አንዱ ድብልቁን ሲጨምቅ፣ አንዱ ጭሱን ሲያስወጣ። የምንፈልገው ጣትን ገፍቶ የሚያስነሳውን ነው። ከዚያ በኋላ ዓይን ወደ ሞተሪኖው ይሄዳል። ሞተሪኖው የሚያዞረው ባለጥርስ ቀለበት ላይ የጫፍ ምልክት ተቀርጿል፤ በሞተሪኖው ቤት ላይ ያለች ትንሽ ቀዳዳ ፊት ለፊት ሲመጣ ጫፍ ተገኘ። ምልክቱ ካለፈ ወደ ኋላ ጥቂት መልሶ መተው አይበቃም፤ በጥርሶቹ መካከል ያለው ላላ ቦታ ያሳስታል፤ ርቆ ተመልሶ እንደገና በትክክለኛው አቅጣጫ መምጣት ያስፈልጋል።

የቀለበቱ ጥርስ እንደ ሞተሩ 122 ወይም 149 ነው። ስለዚህ በአንድ ጥርስ የሳተ ዓይን ከሁለት ዲግሪ ተኩል እስከ ሦስት ዲግሪ ሳተ ማለት ነው። ወደ ቀዳሚው ወገን ከሳተ አውሮፕላኑ በሙሉ ጉልበት በተነሳ ቁጥር የሲሊንደሮቹ አናት ከሚገባው በላይ ይግላል፤ የሙቀት መለኪያው ይጨምራል፤ ሰውየው ግን የማቀዝቀዣ አየሩ መንገድ ተዘግቶ ይሆናል ብሎ ሳምንቱን በሙሉ ሽፋኖቹን ሲፈታ ሊከርም ይችላል። የቀረው ሥራ በአንጻሩ ቀላል ነው፤ ሳጥኗን ከጭስ ማውጫው ሙቀት ማራቅ፣ ቀዝቃዛ አየር የሚነፋባት ቱቦ መሳብ፣ ከአውሮፕላኑ አካል ጋር የሚያገናኛትን የማሳ ሽቦ ቀለም በሌለበት ንጹሕ ብረት ላይ ማሰር።

አንዱን ወይስ ሁለቱንም?

ሁለቱንም ማግኔቶ አውጥቶ ሁለት ኤሌክትሮኒክ መግጠም ይቻላል፤ ብዙዎችም ያደርጉታል። ለአብዛኛው ሰው ግን አንዱን ቀይሮ አንዱን ማግኔቶ መተው ይሻላል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱ ወደ እሳቱ ሰዓት ይመልሰናል። ከፍታ ላይ ኤሌክትሮኒኩ ብልጭታውን በ35 ዲግሪ ቢሰጥ፣ ማግኔቶው በ25 ዲግሪ የራሱን ሲሰጥ እሳቱ ቀድሞ ተያይዟል፤ የዘገየው ብልጭታ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ስለዚህ አብዛኛው ጥቅም የሚገኘው ከመጀመሪያው ለውጥ ነው፤ ሁለተኛው የሚያክለው ከዚያ ያንሳል። የሚያጠፋው ግን ብዙ ነው፤ ከኤሌክትሪክ ነጻ የሆነውን የመጨረሻ ብልጭታ ይወስዳል። ሁለት ኤሌክትሮኒኮች በአንድ ባትሪና በአንድ ዲናሞ ላይ ከተንጠለጠሉ በቁጥር ሁለት ናቸው እንጂ በብልሽት አንድ ናቸው።

ሁለቱንም መቀየር የሚደግፉ ሰዎች መልስ አላቸው፤ ሁለተኛ ባትሪ ይጨመር፣ ወይም ኃይሉን ራሱ የሚያመነጭ ዓይነት ይመረጥ ይላሉ። መልሳቸው በቂ ነው፤ ግን ሁለተኛው ባትሪ የሚጠቅመው ምን ያህል ጊዜ እንደሚያቆይ ሲታወቅ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ማቀጣጠያ ብዙውን ጊዜ የሚጠጣው ከአንድ እስከ ሁለት አምፔር ገደማ ስለሆነ ትንሽ ባትሪም ሩቅ ይወስዳል፤ ባትሪው አርጅቶ አቅሙ ግማሽ የሆነ ቀን ግን በወረቀት ላይ የነበረው ሰዓትም ግማሽ ይሆናል። ስለዚህ ልኩ የሚታወቀው ዲናሞውን አጥፍቶ መሬት ላይ በመሞከር ነው፤ በየዓመቱም ደግሞ በመሞከር።

የአሜሪካ ሕግ በዚህ ነገር ለቤት ሠራሽ አውሮፕላን ሰፊ በር ከፍቷል። ፋብሪካ ሠራሹ ላይ እንዲህ ያለ ለውጥ የሚደረገው የአቪዬሽን ባለሥልጣኑ ያጸደቀው መሣሪያ ሲገኝ ነው፤ ግለሰብ አብዛኛውን ክፍል በራሱ ሠርቶ «የሙከራ» ምድብ ባገኘ አውሮፕላን ላይ ግን ሠሪው ራሱ ይወስናል። ለውጡ ዋና ተብሎ ሲቆጠር ግን አውሮፕላኑ ቢያንስ ለ5 ሰዓት ወደ ሙከራ በረራ ይመለሳል፤ መንገደኛ አይጫንበትም። ያ ሰዓት የሚጠቅምበት አንድ የተወሰነ ሥራ አለ። አብራሪዎች ከመነሳታቸው በፊት ሞተሩን በደቂቃ 1,800 ዙር ገደማ እያዞሩ አንዱን ማቀጣጠያ ያጠፋሉ፤ ከዚያም ሌላውን። ላይካሚንግ በሁለት ማግኔቶ ለሚሠራ ሞተር ዙሩ ከ175 በላይ እንዳይወርድ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም ከ50 እንዳይበልጥ ይላል። አንዱ ኤሌክትሮኒክ ሲሆን ይህ ልኬት አይሠራም፤ ኤሌክትሮኒኩ ብቻውን ሲቀር ዙሩ የሚወርደው እጅግ ጥቂት ነው፣ ማግኔቶው ብቻውን ሲቀር ግን ጎላ ይላል። በመጽሐፉ ላይ ያለውን 50 የያዘ አብራሪ ደህናውን ሞተር በሽተኛ ይለዋል፤ ከዚያም ልዩነቱን ችላ ማለት ይለምዳል፤ ማግኔቶው በእውነት የታመመ ቀን ደግሞ ያልፈዋል። በሙከራ ሰዓቱ የሁለቱም ጎን መውረድ ለየብቻ ተለክቶ፣ ከቅድመ በረራ ዝርዝሩ ላይ አሮጌው ቁጥር ተሰርዞ የዚህ ሞተር ቁጥር ይጻፍበታል።